በጠረን የሚመራው በሽታ፦ ቢልሃርዚያ፣ ወንዞቻችንና የምንጠመቅበት ውኃ



ዛሬ የምጽፈው በዓይን ለማየት ስለሚያስቸግር አንድ የውኃ ውስጥ ፍጥረት ነው። መጋቢ ሆኖ ስለ ትል መጻፍ ምን አመጣው የምትሉ ካላችሁ ምክንያቴን ላስቀድም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በበጋ ወራት፣ በአንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ የደቀ መዝሙርነት ትምህርት የጨረሱ ወጣቶችን ይዘን ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ ወንዝ ወረድን። ለማጥመቅ የሚመች ቦታ ስንፈልግ ውኃው ጸጥ ያለበት፣ ዳር ዳሩን ሣር የበቀለበት ኩሬ መሰል ስፍራ አገኘን። ስንደርስ ቀትር ሆኖ ነበር፤ ፀሐዩ ውኃውን ሞቅ ስላደረገው ሁላችንም ደስ አለን። ዝማሬው፣ እልልታው፣ የእናቶች እንባ፣ ያ ቀን ዛሬም አይረሳኝም። ከአምስት ከስድስት ሳምንት በኋላ ግን ከተጠማቂዎቹ አንዱ ታመመ። ትኩሳት፣ ሳል፣ የሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ። ልጁ ከደባርቅ በኩል ለትምህርት የመጣ የደጋ ልጅ ነው። ሰገራው ሲመረመር የቢልሃርዚያ እንቁላል ተገኘበት። እውነቱን ለመናገር በሽታው በዚያች እሑድ ያዘው ለማለት አልችልም፤ ልጁ በዚያው ወንዝ ልብሱንም ያጥብ ነበር። ነገር ግን በላቦራቶሪ የምትሠራ አንዲት እኅታችን የመረጥነውን ቦታና ሰዓት ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። ቦታውም ሰዓቱም ለትሉ የተመቸ ነበር አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳነብና ስጠይቅ ቆይቻለሁ፤ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ቢልሃርዚያን የሚያመጣውን ትል ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1851 በካይሮ አገኘው፤ ስሙም ከእርሱ የመጣ ነው። በእኛ አካባቢ ያለው ሺስቶሶማ ማንሶኒ የሚባለው፣ የአንጀትና የጉበት ቢልሃርዚያ የሚያመጣው ዓይነት ነው። ሽንትን ደም የሚያደርገው ሌላው ዓይነት በአገራችን በታችኛው አዋሽና በአሶሳ በኩል ባሉ ቆላዎች ይገኛል።

የዚህ ትል ኑሮ አስገራሚ ነው። ሁለት ቤት ያስፈልገዋል፤ አንዱ ቀንድ አውጣ ነው፣ ሁለተኛው ሰው። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲዛወር በውኃ ውስጥ ይዋኛል። በዚህ ጉዞ ላይ እያለ ዓይን የለውም፣ ጆሮ የለውም፣ ምግብም አይበላም። ከተፈለፈለበት ሰዓት ጀምሮ የያዘው ስንቅ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ ነው የሚኖረው። በአንድ ትልቅ ወንዝ ውስጥ የጣት ጥፍር የምታህል ቀንድ አውጣ እንዴት ያገኛል? መልሱ ጠረን ነው። ሌሎች የውኃ ፍጥረታትም ይህን ያደርጋሉ። በባሕር ዳርቻ የሚኖረው ኦይስተር የሚባለው ዛጎል ለባሽ እንኳ እጭ ሳለ እየዋኘ ቆይቶ፣ ወገኖቹ ባሉበት ድንጋይ ላይ የሚለጠፈው ከእነርሱ የሚወጣውን ኬሚካል ለይቶ ነው። የቢልሃርዚያ እጭ ከዚህ የሚለየው የሚመርጠው ማደሪያ የሌላ ፍጡር ሥጋ በመሆኑ ነው።

ከእንቁላሉ እንጀምር። ሴቲቱ ትል በሰው ጉበትና አንጀት ደም ሥሮች ውስጥ ሆና በቀን እስከ 300 እንቁላል ትጥላለች። ከግማሽ ያህሉ በሰገራ ይወጣል፤ የቀረው በጉበትና በአንጀት ሥጋ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል፤ ሰውን የሚያሳምመውም ይኸኛው ነው። የወጣው እንቁላል በሰገራው ውስጥ እያለ አይፈለፈልም። የሰውነታችን ፈሳሽ ጨዋማ ስለሆነ እንቁላሉ ገና በሰው ውስጥ እንዳለ ይቆጥረዋል እንበል። ሰገራው ወደ ወንዝ ሲገባ ግን ጨው የሌለው ጥሩ ውኃ ያገኘዋል፣ ብርሃንም ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ እጩ ይወጣል። እንግዲህ የመጀመሪያው ምልክት ይህ ነው፤ የጨው መጥፋት። ሜዳ ላይ የቀረ ሰገራ ደርቆ እንቁላሉ ይሞታል፤ ወንዝ ዳር የተጣለው ግን ዝናብ ወይም እግር እስኪወስደው ለቀናት ሊቆይ ይችላል።

የተፈለፈለው እጭ ሚራሲዲየም ይባላል። ሰውነቱ በሙሉ በጥቃቅን ፀጉሮች የተሸፈነ ስለሆነ በእነርሱ እየቀዘፈ በፍጥነት ይዋኛል። ቢበዛ አንድ ቀን ያህል ይኖራል፤ ቀንድ አውጣ ውስጥ የመግባት ጉልበት የሚኖረው ግን ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። መጀመሪያ በቀጥታ ይዋኛል። ቀንድ አውጣዋ ከሰውነቷ ወደ ውኃው የምትለቀው ንፍጥ መሰል ነገር አለ፤ በውስጡ ከስኳር ጋር የተያያዘ ፕሮቲን ይገኛል። እጩ ይህ ወዳለበት ውኃ ሲደርስ አካሄዱን ይለውጣል። ጠረኑ እየበረታ ሲሄድ ወደፊት ይገፋል፤ ሲደክምበት ወዲያው ዞሮ ይመለሳል። እዚህ ጎንደር በሰንበት ጧት በመንደር ውስጥ ስታልፉ ቡና የሚቆላበትን ቤት እንዴት ነው የምታውቁት? ጥቂት ትሄዳላችሁ፣ ሽታው ሲጠፋባችሁ ትመለሳላችሁ። እጩም ከዚህ የተለየ ጥበብ የለውም።

ይህን ነገር በዝርዝር ካጠኑት መካከል በጀርመን አገር በኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ቪልፍሪድ ሃስና ባልደረቦቻቸው ይጠቀሳሉ። ካገኙት ሁሉ የገረመኝ አንድ ነገር አለ። ከግብፅ የመጡት የማንሶኒ እጮች የራሳቸውን ቀንድ አውጣ ከሌላው ዓይነት በጠረኑ ለይተው ሲከተሉ፣ ከብራዚል የመጡት ግን ያን ያህል አይለዩም። ብራዚል ይህ ትል ከአፍሪካ በባሪያ ንግድ መርከቦች ተጭነው ከሄዱ ወገኖቻችን ጋር የተሻገረበት አገር ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ከቀንድ አውጣ ውኃ ውስጥ እጩን እንዲዞርና እንዲመላለስ የሚያደርግ አንድ አጭር የፕሮቲን ቁራጭ ለይተው አሳትመዋል። ዓላማቸው ግልጽ ነው፤ ጠረኑን በእጃችን ካደረግን እጩን ወደ ባዶ ወጥመድ መጥራት ይቻል ይሆናል የሚል ነው። እስካሁን ግን በወንዝ ላይ የሚሠራበት ደረጃ አልደረሰም።

እጩ ሲሳሳትም አለ። ወደማይሆነው ቀንድ አውጣ ከገባ በውስጧ ያሉ የደም ሴሎች ከበው ይገድሉታል። ስለዚህ የትሉ ዕጣ በአንዲት ፍጥረት ላይ የተንጠለጠለ ነው። በአገራችን ዋነኛዋ ባዮምፋላሪያ ፋይፈሪ ትባላለች። እንደ ተጠቀለለ ቀበቶ ጠፍጣፋ ዛጎል ያላት፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ የምትሆን፣ ስትደቆስ ደሟ እንደ እኛ ቀይ የሆነ ቀንድ አውጣ ናት። ዝግ ያለ ውኃ፣ ሣርና ቅጠል ያለበት ዳር፣ የመስኖ ቦይ ትወዳለች። የክረምት ጎርፍ ጠርጎ ይወስዳታል፤ በበጋ መልሳ ትበዛለች። እኛም ለጥምቀት የምንወጣው በበጋ ነው።

ብርድ አትችልም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ካለፈ በኋላ በሽታው ሲተላለፍ ብዙም አይገኝም። ጎንደር ከተማ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በዳር ድንበሩ ላይ ያለች ናት ማለት ነው። ወደ ደንቢያና ወደ ጎርጎራ፣ ወደ ጣና ዳር ስንወርድ ለቀንድ አውጣዋ ይመቻታል። በአርማጭሆ ሳንጃ ከተማ በትምህርት ቤት ልጆች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከተመረመሩት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ትሉ ተገኝቶባቸዋል። ከዳባት ወደ ደባርቅ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ሲወጣ ግን ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ ውኃው ለእርሷ ይቀዘቅዛታል። የደጋው ገበሬ ለሰሊጥ ሥራ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ቆላ ወርዶ ትሉን በሰውነቱ ይዞ ሊመለስ ይችላል። እንቁላሉንም በደባርቅ ምንጭ ዳር ሊጥል ይችላል። እጩ ይፈለፈላል፣ ይዋኛል፣ የሚፈልገውን ጠረን ግን አያገኝም፤ ስንቁ አልቆ ይሞታል። የእኛ የደባርቅ ልጅ ክፉኛ የታመመበትም ምክንያት ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በወንዝ ዳር ያደገ ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስለሚለማመደው መጀመሪያ ሲያዝ ብዙም አይታወቀውም፤ ሰውነቱ ትሉን አይቶ የማያውቅ ሰው ግን በሳምንታት ውስጥ በትኩሳት ይወድቃል። ሳይታመሙ የቀሩት ተጠማቂዎች ሁሉ ነፃ ነበሩ ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ።

ወደ ቀንድ አውጣዋ እንመለስ። የገባው አንድ እጭ በውስጧ እየተባዛ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ሌላ መልክ ያላቸው እጮች ከእርሷ መውጣት ይጀምራሉ። ሰርካሪያ ይባላሉ፤ ጅራታቸው እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ነው። አንዲት ቀንድ አውጣ በቀን መቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ትለቃለች። የሚወጡት በዘፈቀደ አይደለም። የቀን ብርሃን ሲበረታ፣ በተለይ በቀትር አካባቢ ይበዛሉ፤ ሰው ውኃ ውስጥ በብዛት የሚገኝበት ሰዓት መሆኑ ነው። ልጆች ከብት አጠጥተው የሚዋኙት፣ እናቶች ልብስ የሚያጥቡት፣ እኛም ከጸሎት ቤት ወጥተን የወረድነው በዚያ ሰዓት ነበር።

ሰርካሪያው ወደ ውኃው ገጽ አካባቢ እየወጣ፣ እያረፈ፣ ቀስ ብሎ እየሰመጠ፣ እንደገና እየዋኘ ይጠብቃል። ጥላ ሲያርፍበት ወይም ውኃው ሲናወጥ ይነቃል። ከዚያ የሰው ቆዳ ሙቀት ይስበዋል። ከቆዳችን ወደ ውኃ ከሚወጡ ነገሮች አንዱ አርጂኒን የሚባል የፕሮቲን መሥሪያ ነው፤ ማንሶኒ ይህን ተከትሎ ይመጣል። ቆዳውን ሲነካ ግን ወዲያው አይበሳም፤ ሌላ ማረጋገጫ ይፈልጋል። ይህም የቆዳችን ቅባት ነው፣ በተለይ ሊኖሌይክ የሚባለው አሲድ። የሚገርማችሁ ይህ አሲድ በኑግ ዘይታችን ውስጥ በብዛት ያለው ዓይነት ነው። (ስለዚህ ኑግ አንቀባም ወይም እንቀባ የሚል ሰው እንዳይኖር፤ የምናገረው በቆዳ ላይ ብቻውን ስለሚገኘው አሲድ ነው፣ ዘይት መቀባት መድኃኒት አይሆንም።) ይህን ሲያገኝ ከራሱ ዕጢዎች ቆዳ የሚያሟሟ ፈሳሽ ይለቃል፣ ጅራቱን ይጥላል፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይገባል። በላቦራቶሪ ሰሐን ላይ ቆዳ ሳይኖር አሲዱ ብቻ ቢጨመርበት እንኳ ፈሳሹን ሁሉ አፍስሶ ይጨርሳል። ምልክቱን እንጂ ሰውን አያውቅም። በወፎች ላይ የሚኖሩ የእርሱ ዘመዶችም እንዲሁ ተታለው ሰው ቆዳ ውስጥ ይገቡና እዚያው ይሞታሉ፤ ለሰው ማሳከኩ ብቻ ይተርፈዋል።

የእኛው ግን አይሞትም። በደም ተጉዞ በሳንባ በኩል አልፎ ጉበት ይደርሳል፣ ይጎለምሳል፣ ወንዱና ሴቷ ተጣምረው በአብዛኛው ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ይኖራሉ። ለረጅም ጊዜ ያልታከመ ሰው ጉበቱ ይጠጥራል፣ ሆዱ ይነፋል፣ በመጨረሻም ደም ሊያስታውክ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ታሞ ስንጠይቅ ስንት ጊዜ አልጋው ዳር ቆመናል? ብዙ ጊዜ ጎረቤት ምክንያቱን ሌላ ነገር ነው የሚለው፤ መድኃኒት አድርገውበት ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው ይባላል። እኔ ራሴ በአገልግሎት ጅማሬዬ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጸልዬ፣ ሐኪም ቤት ሂድ ሳልለው ተለያይቻለሁ። ለበሽተኛ መጸለያችን የተገባ ነው፤ ያን አለማለቴ ግን ዛሬም ይጸጽተኛል።

አሁን ስለ አንድ የአገራችን ሰው ልንገራችሁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው የወንዝ ክፍል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ነገሩን ተከታትለው እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። እንዶድ እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ የሚያጥቡበት ነበር፤ በእኛም አካባቢ የዱቄት ሳሙና ከመምጣቱ በፊት አረፋውን የማያውቅ አልነበረም። ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመት ያህል በዓድዋ ወንዞች ላይ ሲሞከር፣ በትንንሽ ልጆች ላይ ይገኝ የነበረው በሽታ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወርዷል። ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል። እንዶድ እጮቹንም ይገድላል። ነገር ግን ዓሣም ስለሚፈጅ ማንም ተነሥቶ ወንዝ ውስጥ የሚበትነው ነገር አይደለም፤ ይህን ማድረግ ያለባቸው መጠኑን የሚያውቁ የጤና ባለሙያዎች ናቸው።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል። በትምህርት ቤቶች የልጁ ቁመት ተለክቶ ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በአገር አቀፍ ዘመቻ በስፋት ሲሰጥ ቆይቷል። ለስድስት ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት የሚሆን ዓይነትም ተዘጋጅቶ በ2023 መጨረሻ ከአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ድጋፍ አግኝቷል። መድኃኒቱ የጎለመሰውን ትል ይገድላል፤ አዲስ የገባውንና ያልጎለመሰውን ግን በሚገባ አይነካም። ስለዚህ ወንዝ ገብቶ በማግስቱ ክኒን መዋጥ ብዙም አይጠቅምም። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ መመርመር ነው የሚሻለው። ሌላው ችግር መድኃኒቱ ከመያዝ አይከለክልም፤ የዳነ ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ ያው ወንዝ ቢገባ ያው እጭ ያገኘዋል።

ታዲያ ስለ ጥምቀታችን ምን እናድርግ? በእኛ ኅብረት ይህን ሳነሣ አንዳንድ ሽማግሌዎች ወንዝ ካልሆነ ጥምቀት አይመስለንም አሉ። አክብሬ ሰማኋቸው፤ አብዛኞቹ በስደት ዘመን በሌሊት ወንዝ ወርደው የተጠመቁ ናቸው። እኔ ግን ውኃው ሰውን የሚያጠልቅ ይሁን እንጂ የሚፈስ ይሁን የሚል ትእዛዝ በመጽሐፍ ቅዱስ አላገኘሁም፤ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባም የተጠመቀው በመንገድ ላይ ባጋጠመው ውኃ ነው። የደባርቅና የዳባት ወንድሞች በቀዝቃዛ ወንዛቸው ቢጠመቁ ከቢልሃርዚያ በኩል የሚሰጉበት ምክንያት የለም፤ የሚንቀጠቀጡት ለብርዱ ነው። ለእኛና ከእኛ በታች ላሉት ግን የእጩ ዕድሜ መንገድ ይሰጠናል። ሰርካሪያው የሚኖረው ቢበዛ ሁለት ቀን ነው። ቀንድ አውጣ የሌለበት፣ ተከድኖ 48 ሰዓት የቆየ ውኃ ውስጥ በሕይወት አይገኝም። ወንዝ መውረድ ግድ ከሆነም በጧት፣ ሣር የሌለበትና ፈጠን ብሎ የሚወርድ ውኃ መምረጥ አደጋውን ይቀንሳል፤ አያጠፋውም። ወጥቶ በፎጣ መድረቅም እንዲሁ፣ የሚያስተማምን አይደለም።

ሌላው የምናፍርበት ነገር ነው፤ ቢሆንም ልጻፈው። በወንዝ ዳር የሦስት ቀን ጉባኤ እናዘጋጃለን፤ ድንኳን፣ ድምፅ ማጉያ፣ ምግብ ሁሉ ይታሰባል፣ መጸዳጃ ቤት ግን የሚያስታውስ የለም። አምስት መቶ ሰው የት ይሄዳል? ቁጥቋጦ ወዳለበት፣ ማለትም ወደ ወንዙ። እንቁላሉን ወደ ጥሩው ውኃ ያደረስነው እኛው ነን ማለት ነው። ባለፈው ዓመት ጉባኤ ላይ ከድንኳኑ በፊት ጉድጓድ ይቆፈር ብለን ወስነን፣ ወጣቶቹ በአንድ ቅዳሜ ስድስት ጉድጓድ ከወንዙ ርቀው ቆፈሩ።

በጸሎት ቤታችን ግቢ ደግሞ ከሲሚንቶ የተሠራ ገንዳ አለን፤ ከጎኑ ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ተቀምጧል። ቧንቧ ሲጠፋ ከወንዝ በቦቴ እናስመጣለን። ያን ጊዜ ሮቶው የሚሞላው ዓርብ ጧት ነው፤ ክዳኑ ይዘጋል፣ እስከ እሑድ ቀትር ማንም አይነካውም።